ሁለተኛው ፊርማ

ረቡዕ፣ የካቲት 6 ቀን 2016፣ አዳማ

ከጋዜጣ ቤት ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ዛሬ እንደገና ሥራ ያዝኩ። የከተማው የምክክር መድረክ ቃለ ጉባኤ ያዥ ፈልጎ ኖሮ አስተባባሪዋ መሳይ ደወለችልኝ። «ጋሼ አብተው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረዋል፤ የእኛማ ለእርስዎ ቀላል ነው» አለች። ከአዳማና ከዙሪያው የተመረጡ ሃምሳ ሁለት ሰዎች ለዘጠኝ ሳምንት በየሐሙሱ ይሰበሰባሉ። ከጦርነቱ በኋላ አገሩ በምን በምን ላይ ተነጋግሮ ይቁም የሚለውን ይዘረዝራሉ፤ ዝርዝሩ ወደ ላይ ይሄዳል።

ቃለ ጉባኤው የማይቀበለውን እዚህ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። የድሮ ልማዴ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

አዳራሹ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ያለ የሠርግ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ ነጭ ልብሳቸውን አላወለቁም፤ ወገባቸው ላይ የታሰረው የወርቅ ቀለም ሪባንም እንዳለ ነው። ስለ አገር ልንነጋገር በሙሽራ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

ሃምሳ አንድ ሰው መጣ። መሳይ የስም መቆጣጠሪያውን ይዛ እኔ ዘንድ ደረሰች። «ሃምሳ ሁለት ካልሞላ ሪፖርቱ አያምርም። እርስዎም ይፈርሙ።» ፈረምኩ፤ ተራ ቁጥር 52። ስለዚህ ጸሐፊም ተሳታፊም ነኝ።

ሰብሳቢው ኦቦ ገርባ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር። ድምፃቸው ማይክሮፎን አይፈልግም። መጀመሪያ ደንቡን አነበቡ። አንድ ነጥብ በእጅ ብልጫ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። በእጅ የተሸነፈ ነጥብ ደግሞ ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው ሁለት ተሳታፊዎች ሙሉ ስማቸውን ጽፈው ከፈረሙበት ለብቻው ይላካል። «ማንም በብዛት እንዳይዋጥ ነው» አሉ። ጥሩ ደንብ ነው።

ቀጥለው «እኛ ዘንድ ሰው የራሱን ስም ብቻ ተናግሮ አይቀመጥም» ብለው የአባቶቻቸውን ስም ወደ ላይ ቆጠሩ። ትንፋሽ ሳይወስዱ ዘጠኝ አደረሱ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም በየተራው ይቆጥር ጀመር። የመኪና ዕቃ ነጋዴው ኑዕማን አራት ላይ ቆመና «ከዚህ በላይ ያሉት ግብር ስላልከፈሉ መዝገብ ላይ የሉም» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔ ሰባት ቆጠርኩ። ከፊቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው «በርታ!» አሉኝ።

ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት ተነሣች። ሃምሳ ዓመት ቢሆናት ነው።

«ዘርፉ እባላለሁ። ቆቃ ዓሣ እሸጣለሁ። አባቴ ቦጋለ ነው። ከቦጋለ በላይ አልቆጥርም። የቦጋለ አባት በልጅነቱ ነው የተሸጠው። የተሸጠ ልጅ የአባቱን ስም ይዞ አይመጣም፤ የገዛው ሰው ነው ስም የሚያወጣለት።»

ኦቦ ገርባ ሰዓታቸውን አዩና «ሻይ ደርሷል መሰለኝ» አሉ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። በፕሮግራሙ ላይ ሻይ አራት ሰዓት ነው።

ቃለ ጉባኤው ላይ «ተሳታፊዎች ራሳቸውን አስተዋወቁ» ብዬ ጻፍኩ። ውይይቱ ገና አልተከፈተም ነበርና ስህተት አይደለም። ግን ስህተት አለመሆኑን ለራሴ ለምን እንደማስረዳ አላውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ሰንደቅ ዓላማ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ። ከምሳ በኋላም ሰንደቅ ዓላማ። ከተፈናቃዮች የመጡ ባልና ሚስት ያቀረቡት ነጥብ በእጅ ተሸነፈ፤ «ከጸጥታ ጋር ይጠቃለላል» ተብሎ። ሁለቱ ተነሥተው ፈረሙ፤ ለብቻው ሆነ። ደንቡ ሠራ።

ዘርፉ አልተናገረችም።

እሑድ፣ የካቲት 17

ልጄን ሊዲን ሊጠይቅ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ጋዲሳ ይባላል፤ የባቱ ልጅ፣ የመስኖ መሐንዲስ። አጎቱ ኦቦ ወዬሳ በሽምግልናው ፊት ሆነው ገቡ። ጨዋ ሰው ናቸው። ሁለቱም ቤተሰብ ከባቱ አካባቢ ስለሆነ በመሐል ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት በሁሉም በኩል ተጽፎ ይሰጣቸው ዘንድ ጠየቁ። የእኛም ልማድ ነው፤ እሺ አልኩ።

ሲወጡ በር ላይ ቆም አሉና «ሎሚ የት ተቀበረች?» አሉኝ።

«የትኛዋ ሎሚ?»

«የባላምባራስ ጓሮ የነበረችው። ከእናቴ ጋር ውሃ ይወርዱ ነበር። እናቴ እስክትሞት ስሟን ታነሣ ነበር።»

«እሷማ የቤት ሠራተኛ ነበረች» አልኩ።

ኦቦ ወዬሳ «ይሁን» አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ባላምባራስ የሚባሉት አያቴ ናቸው፤ የአባቴ አባት። ሊዲ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «አባዬ፣ ሎሚ ማን ናት?» አለች። ሠራተኛ ነበረች አልኳት፤ ሁለተኛ ጊዜ።

ሰኞ፣ የካቲት 18

ሎሚን እንደ ዘገባ፣ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ ለማስታወስ ሞከርኩ። ጓሮ ቤት ትተኛ ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል። እኛ ልጆች መንደሩን ሁሉ እማማና አባባ ብለን ስንጠራ እሷን ግን በስሟ ነበር፤ «ሎሚ፣ ውሃ አምጪ!» ይህን በማለታችን የተቆጣን የለም፤ ከአንድ ቀን በቀር። አባቴ፣ እኛ አባባ የምንለው፣ አጠገቤ ቆሞ ነበርና በጥፊ መታኝ። ሌላ ጊዜ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

አባባ ምሳ ከመቅረቡ በፊት «ጓሮ ምሳው ሄዷል?» ብሎ ይጠይቃል። ሄዷል ካልተባለ እጁን አይታጠብም።

ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። አባባ ጥቁር ለበሰ፤ እስከ ሙት ዓመቷ አላወለቀውም። «ለሠራተኛ?» ያለች ጎረቤት ትዝ ትለኛለች።

አባባ ርኅሩኅ ሰው ነበር። ይኸው ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ከሰንደቅ ዓላማው በኋላ ዘርፉ እጇን አወጣች። የተናገረችውን ቃል በቃል ይዣለሁ።

«ልጄ ሦስት ዓመት የወደዳትን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላክን። አባቷ እስከ ሰባት ቁጠሩ አለ። ቦጋለ ላይ ቆምን። ‘አሃ፣ እነዚያ ናችሁ’ ብሎ ውሃ ሳያቀምስ ሸኘን። አክስቴ ስትሞት እድሩ ድንኳን ሰጠን፤ ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ እህላችንን ግን አልቀመሰም። አዋጅ ከወጣ ሰማንያ ዓመት አለፈው ትሉኛላችሁ። አዋጁ አባቴ ቤት አልደረሰም። አገር እንደ አዲስ ይሠራ ካላችሁ አንድ መስመር ጻፉልኝ፤ የባሪያ ልጅ እየተባሉ የተለዩ ሰዎች ጉዳይ በሉልኝ። አንድ መስመር ነው።»

አንድ ወጣት መምህር «እህቴ፣ አገር እየነደደ የድሮ ቁስል አንነካካ» አለ።

«ለአንተ ነው እንጂ የድሮ፣ ለእኔማ የዛሬ ዓመት ነው» አለችው።

ኑዕማን ብድግ አለ። «ጃል፣ ለሰንደቅ ዓላማ ሁለት ሐሙስ ተቀምጠናል። ለእሷ አንድ መስመር ብንሰጥ ወረቀቱ ያልቃል?»

እጅ ተቆጠረ፤ ዘጠኝ። እኔ ብዕር ይዤ ነበር።

ኑዕማን ሊፈርም ሲመጣ ኦቦ ገርባ መለሱት። «በቀጥታ የሚመለከተው ነው የሚለው ደንቡ። አንተ አባትህን ቆጥረሃል።» ወደ ዘርፉ ዞሩ። «አንደኛዋ አንቺ ነሽ። እስከ መጨረሻው ሐሙስ ከመሐላችን ሁለተኛ ሰው አምጪ፤ ነጥብሽ ይሄዳል።»

ዘርፉ አልተቀመጠችም። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር አየችው። «ሌላ አለ» አለች። «ሃምሳ ሁለት ሰው ተሰብስቦ እኔ ብቻ አልሆንም። ቁጭ ብሎ የሚሰማኝ አለ።»

ዓርብ፣ የካቲት 22

ማን ይሆን? ጋዜጠኛ ሆኜ ይህን ጥያቄ መተው አልችልም። የመጀመሪያውን ቀን ማስታወሻ አወጣሁ። ሦስት ወይም ከዚያ በታች ላይ የቆሙ አምስት ሰዎች አሉ። አንዱ የዕንጨት ሠራተኛ ነው፤ ሲቆጥር ሳል ይዞት ነበር። አንዷ ነርስ የአባቷን ስም ብቻ ተናግራ በፍጥነት ተቀመጠች። የዕንጨት ሠራተኛው ይመስለኛል። ትናንት ዘርፉ ስትናገር እግሩን ያወዛውዝ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

የዕንጨት ሠራተኛውን በሻይ ሰዓት አናገርኩት። እግሩን የሚያወዛውዘው የስኳር በሽታ ስላለበት ነው። ስምንት አባት ይቆጥራል፤ ያን ቀን ያቆመው ሳል ስለያዘው ነው። ስምንቱንም ቆጠረልኝ። አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ገርባ እንዲህ አሉ፦ «ሁለተኛ ፈራሚ ካልተገኘ እህታችን ባዶ እጇን እንዳትሄድ አንድ ቦታ እንሸጉጥላት። አቶ አብተው፣ የጋዜጣ ሰው ነዎት፤ ማንንም የማያስቆጣ አባባል ያግኙልን።»

ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ተራ ቁጥር 11፣ «ልዩ ልዩ ማኅበራዊ ልማዶችን ስለማሻሻል»። ተጨበጨበ። እንዲህ ያለ ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ እጄ አልረሳም።

ዘርፉ ስንወጣ ጠበቀችኝ። «ጋሼ፣ የእኔ ነገር እዚያ ውስጥ የቱ ጋ ነው?»

ወረቀቱን አሳየኋት። ጣቷን እያንዳንዱ ቃል ላይ እያሳረፈች አነበበች። «የለም እኮ» አለች፤ ሳትቆጣ፤ ዕቃ ጠፍቶበት እንደሚፈልግ ሰው።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

ዐቢይ ጾምና ረመዳን ባንድ ቀን ገቡ። ኑዕማን ስልክ ደውሎ «ከእንግዲህ የመድረኩን ምሳ ማን ሊበላው ነው?» አለኝ። ሊዲ የሰባት ቤቱን ወረቀት ጠየቀችኝ። በአባቴ አባት በኩል ሞልቷል። በእናቴም በኩል። የአባቴ እናት ቦታ ላይ ምንም የለም። ባቱ ያለችው እህቴ፣ እቴ ሙሉ፣ ታውቃለች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7፣ ባቱ

በሚኒባስ ሄድኩ። ቆቃን ስናልፍ መንገድ ዳር ዓሣ የሚሸጡትን ስመለከት ነበር። እዚያ አልነበረችም።

ታላቅ እህቴ ሙሉብርሃን ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቲማቲም ስትለቅም አገኘኋት። ወረቀቱን ሳሳያት መነጽር እንኳ አልፈለገችም። «የአባባ እናት ወይዘሮ ዘነበች፣ የመንዝ ሰው። በወሊድ ሞቱ። ጻፈው።»

«አባታቸውስ?»

«አንዱን ጻፍ። መንዝ ድረስ ሄዶ የሚያጣራ የለም።»

«ዘነበች የት ተቀበሩ?»

«እኔ ምን ዐውቄ!»

«ሎሚስ?»

ቲማቲሟን ወደ መለየት ተመለሰች። የላላውን ወደ ግራ፣ ጠንካራውን ወደ ቀኝ። ብዙ ለየች።

«ከአባባ ጎን» አለች በመጨረሻ። «እሱ ነው እዚያ ቅበሩኝ ያለው። አንተ ያኔ አዲስ አበባ ነበርክ፤ ለቀብሩ ስትደርስ አልቆ ነበር። የእሷ መቃብር ስም ስላልተጻፈበት አላስተዋልክም።» ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «አንተ ልጅ፣ ሊዲ ታግባ። ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ጻፍ።»

በጋሪ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። አየሁ። ሁለቱ መቃብሮች አንድ አጥር ነው ያላቸው። በመካከላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ አለ።

ለምን እንደሄድኩ ለባለጋሪው ማስረዳት አልቻልኩም፤ «ዘመድ?» አለኝ። አዎ፣ አባቴ ነው አልኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

መሬት። ካሳ። የታጣቂዎች መልሶ መቋቋም። ቸኩያለሁ። ነርሷ አይደለችም፤ ኑዕማን አጎቷን ያውቃል። ዘርፉ ወንበሯን ከሳምንት ሳምንት ወደ ፊት እያመጣች ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ዘርፉ በሻይ ሰዓት ከሰው ሰው እየሄደች ሰላም ትላለች፤ ሌላ ምንም አትልም። ሰው ስኒውን ይዞ ይሸሻል። እኔ ዘንድ ስትደርስ ስለ ባቱ ጠየቀችኝ።

«ባቱ ሄደው ነበር አሉ። ዘመድ ጥየቃ?»

«እህቴ አለች።»

«ጥሩ ነው። ዘመድ ያለበት አገር ያለው ሰው ደስ ይለዋል።»

ስታይኝ ቆየች። የምታውቀው ነገር ያለ መሰለኝ። የለም፣ ሁሉንም እንዲሁ ነው የምታየው።

እሑድ፣ መጋቢት 22

«ወይዘሮ ዘነበች» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ጽሕፈት ነው።

ጋዜጣ ቤት ሳለሁ ባንድ ምንጭ ብቻ የመጣ ስም አሳልፌ አላውቅም። አንድ ጊዜ የዋና አዘጋጁ የአጎት ልጅ የላከውን ዜና እንኳ አስቀርቼ ተቆጥተውኛል። አሁን ምንጬ አንዲት እህት ናት፤ እሷም «አንዱን ጻፍ» ነው ያለችው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 26

የዛሬ ሳምንት መድረኩ ያልቃል። ሁለተኛ ፈራሚ የለም። ኦቦ ገርባ ተራ ቁጥር 11ን ከፍ ባለ ድምፅ አነበቡት። «ሁሉን ያካተተ ነው» አሉ። ዘርፉ ዛሬ እጇን አላወጣችም። ስትወጣ አንዱን የወንበር ሪባን ፈትታ፣ አጥብቃ፣ መልሳ አሰረችው። ስለተንጠለጠለ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 1

ሊዲ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘችው። ይዛው መጣችና ፊቴ ተቀመጠች።

«እቴ ሙሉ ጋ ደወልኩ» አለች። «ዘነበችን ስጠይቃት ስልኩን ዘጋችብኝ። ሎሚን ስጠይቃት አለቀሰች። ታዲያ በየትኛዋ ስም ነው የማገባው?»

«ነገሩ ሠርግሽን ሊያበላሸው ይችላል።»

«ሊያበላሸው የሚችለውን ጋዲሳ ይስማውና ይወስን። ኦቦ ወዬሳ ሎሚ የት ተቀበረች ብለው ሲጠይቁህ እኮ ፊታቸው ላይ ምንም ንቀት አልነበረም። አንተ ነህ ፊትህ የተቀየረው።»

ሠላሳ ዓመት ለዘጋቢዎች «ያየኸውን ጻፍ» ስል ኖሬያለሁ። ልጄ አልጻፈችም፤ ግን አይታለች።

ወረቀቱን ቀደድኩት። አዲስ ጻፍኩ። የአባቴ እናት፦ ሎሚ። ከሎሚ በላይ መስመሮቹን አሰመርኩና ተውኳቸው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3

የመጨረሻው ቀን። ትናንት የረመዳን በዓል ነበርና ኑዕማን ለሁሉም ተምር ይዞ መጣ፤ እኛ ጾመኞቹም ተምሩን በላነው። ኦቦ ገርባ ዝርዝሩን አነበቡ፤ አሥራ ሁለት ነጥብ፣ ከሁለቱ ተፈናቃዮች ነጥብ ጋር አሥራ ሦስት። ከዚያ «የእህታችን ሁለተኛ ፈራሚ አልተገኘም፤ ስለዚህ…» ሲሉ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ተገኝቷል» አልኩ።

ኦቦ ገርባ መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ አብተው፣ እርስዎ ጸሐፊ ነዎት።»

«ተራ ቁጥር 52 ነኝ። መሳይ ታውቃለች።»

መሳይ መቆጣጠሪያውን ገለጠች። ራሷን ነቀነቀች፤ ትክክል ነው የሚል።

«በቀጥታ የሚመለከተው ነው የሚለው። እርስዎ እኮ የመጀመሪያው ቀን ሰባት ቆጠሩ! እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።»

«ባንድ በኩል ብቻ ነው የቆጠርኩት» አልኩ። «የአባቴ እናት ሎሚ ይባላሉ። አያቴ ቤት ተገዝተው ነው የመጡት። ከእሳቸው በላይ አልቆጥርም።»

ማንም ሻይ ደረሰ አላለም። ፊት ረድፍ ላይ ያሉት ሽማግሌ፣ ያን ቀን «በርታ» ያሉኝ፣ መሬት መሬት አዩ። ኦቦ ገርባ ወረቀቱን አቀረቡልኝ፤ ብዕራቸውንም ጨመሩልኝ። እጃቸው ላይ ቁጣ አላየሁም።

ዘርፉ ቀድማ ፈርማ ነበር፤ ከስድስት ሳምንት በፊት። ከስሟ በታች ያለው ቦታ ባዶ ቆይቷል። እዚያ ላይ ጻፍኩ።

ወደ ወንበሬ ስመለስ ባጠገቧ አለፍኩ። «ቆየህ» አለችኝ፤ ከዚያ በፊት አንተ ብላኝ አታውቅም። «እኔ እኮ የዕንጨት ሠራተኛው ይመስለኝ ነበር።»

ቃለ ጉባኤውን ከማስረከቤ በፊት የየካቲት 7ን ገጽ አውጥቼ «ተሳታፊዎች ራሳቸውን አስተዋወቁ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ፤ ከጎኑ ዘርፉ ያን ቀን የተናገረችውን ቃል በቃል ጻፍኩ፤ እርማቱን ፈረምኩበት፤ ኦቦ ገርባም ፈረሙበት። ተራ ቁጥር 11ን ግን መሰረዝ አልተቻለም፤ በእጅ ብልጫ ጸድቋል። እሱም ይሄዳል፤ የእጄ ሥራ ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 13

ኦቦ ወዬሳ ከጋዲሳና ከሌላ አንድ ሽማግሌ ጋር መጡ። ወሬው ከአዳማ ባቱ ቀድሟቸው እንደደረሰ ከአነጋገራቸው ለየሁ። እቴ ሙሉ አልመጣችም፤ ስልኬንም አታነሣም።

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ሌላኛው ሽማግሌ የማላውቃቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። በጣታቸው እየነኩ ከእኔ ጀምረው ወጡ። አባቴ። ከአባቴ ወደ እናቱ። ሎሚ ላይ ደረሱ። ጣታቸው ወደ ላይ ሲሄድ ባዶ መስመር አገኘ፤ ቀጥሎም ሌላ ባዶ መስመር። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ከዚህ በላይ ሰው የለም?» አሉ።

ሊዲ ከእኔ ቀደመች። «ሰው አለ። ስማቸውን ነው የወሰዱባቸው።»

ሽማግሌው ኦቦ ወዬሳን አዩ። ኦቦ ወዬሳ ወረቀቱን ተቀብለው ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፤ ከሎሚ በላይ ባለው መጀመሪያ መስመር ላይ ቀስ ብለው አንድ ቃል ጻፉ።

«እናቴ ስታነሣው የነበረ ስም ነው» አሉ። «የሎሚ አባት። ውሃ ሲወርዱ ነግራታለች፤ እንዳይጠፋባት ሁለቱ በየቀኑ ይሉት ነበር አሉ። የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ልሰጥ ነው የመጣሁት ያን ቀንም።»

ወረቀቱን መለሱልኝ። ገርባ ይላል፤ እንደ ሰብሳቢያችን ስም። አነበብኩት። ከዚያ ከራሴ ጀምሬ ድምፄን አውጥቼ ቆጠርኩ።